ቲቢ በሥራ ቦታ፦ ከሆስፒታል ሠራተኞች የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የምሠራው ድንገተኛ ክፍል እንጂ ቲቢ ክፍል አይደለም። እኔም ያሰጋኛል?

መልስ፦ እንዲያውም የበለጠ የሚያሰጋው የእርስዎ ክፍል ነው። ቲቢ ክፍል የተኛው ሕመምተኛ በሽታው ታውቆለት መድኃኒት ጀምሯል። ባክቴሪያው መድኃኒቱን የተላመደ ካልሆነ በቀር፣ የማስተላለፍ አቅሙ ሕክምና እንደተጀመረ ቶሎ ይወርዳል። አደገኛው ለስብራት ወይም ለስኳር ሕመም ብሎ የመጣውና ስለ ሳሉ ማንም ያልጠየቀው ሰው ነው።

ስለዚህ ጥንቃቄው ካርድ ሳይወጣ በር ላይ ይጀምር፦ «ያስልዎታል? ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነው?» 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ያሳለው ማስክ ተሰጥቶት፣ ከወረፋው ተለይቶ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይቀመጥ፤ ቀድሞም ይታይ። ኤችአይቪ በደሙ ላለ ሰው 2 ሳምንት አይጠበቅም፤ የትኛውም ሳል ይበቃል። አክታውም በዚያው ቀን ይመርመር። አክታ ውስጥ የቲቢን ባክቴሪያ የሚፈልገው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ራሱ ከ2 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውጤት ይሰጣል፤ ቀናት የሚባክኑት ናሙናው ጠረጴዛ ላይ ሲያድር፣ ውጤቱም ሐኪሙ እጅ ሳይደርስ ሲቀር ነው። ባክኖ ባለፈ በእያንዳንዱ ቀን ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ያንን አየር ይተነፍሳል።

ጥያቄ፦ ሰማያዊውን የቀዶ ሕክምና ማስክ ሁልጊዜ አደርጋለሁ። አይበቃም?

መልስ፦ ለሕመምተኛው ይበቃል፤ ለእርስዎ ግን አይበቃም። ሕመምተኛው ሲያደርገው ከአፉ የሚወጣውን ጠብታ ደርቆ ከመድቀቁ በፊት ይይዘዋል። እርስዎ ሲያደርጉት ግን፣ አየር ላይ ለሰዓታት ሊንሳፈፍ የሚችለው ደቃቅ ብናኝ በጉንጭዎ ዳርና ዳር ይገባል። ለሠራተኛ የሚሆነው ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራው፣ ኤን 95 ወይም ኤፍኤፍፒ 2 የተባለው ማስክ ነው።

እሱም የሚሠራው ፊት ላይ ከገጠመ ብቻ ነው። የላይኛው ላስቲክ ከጆሮ በላይ አናት ላይ፣ የታችኛው ከጆሮ በታች አንገት ላይ ይዋል። ሁለቱን ላስቲኮች አንገት ላይ ማዋል በየክፍሉ የሚታይ ስሕተት ነው። የአፍንጫውን ብረት በሁለቱም እጅ ጣቶች ከመሐል ወደ ጎን ይጫኑት፤ በአንድ እጅ ከቆነጠጡት መሐሉ ሾጥጦ በግራና በቀኝ ክፍተት ይተዋል። ከዚያ ማስኩን በመዳፍዎ ሸፍነው በኃይል አየር ወደ ውስጥ ይሳቡ፦ ማስኩ ወደ ፊትዎ ጠጋ ማለት አለበት። ሲያስወጡ ዓይንዎ ላይ ንፋስ ከተሰማዎት ወይም መነጽርዎ ላብ ካለው አልገጠመም። ጺም ካለ ደግሞ የትኛውም ዓይነት አይገጥምም።

ማስኩ አይታጠብም፤ አልኮልም አይነካውም። ብናኙን የሚይዘው የጨርቁ ኤሌክትሪካዊ ሙሌት በአልኮል ይጠፋል። ደግመው የሚጠቀሙበት ከሆነ ስምዎን ጽፈው በወረቀት ከረጢት ያስቀምጡት፤ ፌስታል እርጥበት ያምቃል። ላስቲኩ ከላላ፣ ከረጠበ ወይም ከተጨማደደ ይጣል።

ጥያቄ፦ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ሕመምተኛው ከወጣ በኋላ ክፍሉ ስገባ በክሎሪን ካጸዳሁ ችግር የለም አይደል?

መልስ፦ ክሎሪን ወለሉን እንጂ አየሩን አያጸዳም። መጠበቂያው ጊዜ የሚወሰነው የክፍሉ አየር በሰዓት ስንት ጊዜ በሚቀየርበት መጠን ነው። በሰዓት 12 ጊዜ የሚቀየር ከሆነ 99 በመቶው ብናኝ በ23 ደቂቃ ገደማ ይወጣል፤ 6 ጊዜ ከሆነ 46 ደቂቃ፣ 2 ጊዜ ብቻ ከሆነ 138 ደቂቃ ይፈልጋል። ስለዚህ መስኮቱን ከፍተው ይጠብቁ፤ መጠበቅ ካልተቻለ ኤን 95 አድርገው ይግቡ። ይህ ማስክ ለሐኪምና ለነርስ ብቻ ነው ከተባሉ፣ የተነገርዎት ስሕተት ነው።

ጥያቄ፦ መስኮት ከተከፈተ ወንበሬ የትም ቢሆን ለውጥ አለው?

መልስ፦ በጣም አለው። ንፋሱ ከሕመምተኛው ወደ እርስዎ የሚመጣ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ትንፋሹን ይቀበላሉ። ሰንደል ለኩሰው ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ይዩ። ጭሱ ከእርስዎ ወደ ሕመምተኛው፣ ከዚያም ወደ ውጭ መሄድ አለበት። ካልሆነ ወንበሮቹን አዙረው ነፋሱ በሁለታችሁ መካከል አቋርጦ እንዲያልፍ ያድርጉ። የአየር አቅጣጫ ስለሚቀያየር ጠዋትም ከሰዓትም ይፈትሹ። ሌሊት ብርድ ነው ተብሎ መስኮት የሚዘጋበት ክፍል ቀን ያለው ጥበቃ ሌሊት የለውም።

ጥያቄ፦ ሕመምተኛው በተጠቀመበት ብርጭቆ ይተላለፋል?

መልስ፦ አይተላለፍም። መንገዱ አየር ነው።

ጥያቄ፦ አክታ የት ይሰጥ?

መልስ፦ ደጅ፣ ሰው በሌለበት። ሽንት ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይሆንም፤ ጠባብና የታፈነ ነው፣ ቀጥሎ የሚገባውም ሰው ያንኑ አየር ይስባል።

ጥያቄ፦ ኤችአይቪ በደሜ ውስጥ አለ። ሥራዬን ልተው?

መልስ፦ አይተዉ። ቲቢ እንደሌለብዎ ከተረጋገጠ በኋላ መከላከያ መድኃኒት ይጀምሩ፦ ለ6 ወር በየቀኑ አይሶኒያዚድ፣ ወይም ለ3 ወር በሳምንት አንዴ አይሶኒያዚድና ሪፋፔንቲን፣ በድምሩ 12 ጊዜ። ሁለተኛው ከሚወስዱት የኤችአይቪ መድኃኒት ጋር መስማማቱን ሐኪምዎ ይይ። የቲቢ ተጋላጭነቱ አነስተኛ ወደሆነ ክፍል መዛወር ይጠይቁ፤ የጠየቁበት ምክንያት በምስጢር መያዝ አለበት።

ጥያቄ፦ ቲቢ ካለበት ሰው ጋር ያለ ማስክ ሰዓታት ቆየሁ። ዛሬውኑ ልመርመር?

መልስ፦ የዛሬው ምርመራ የሚናገረው ስለ በፊቱ ነው፤ ሰውነት ለአዲስ ልክፈት ምላሽ ለመስጠት ጊዜ ይወስድበታል። ዛሬ ተመርምረው ነጻ ከሆኑ ከተጋለጡ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ውስጥ ይድገሙት። በልጅነት የተወሰደው የቢሲጂ ክትባት አዋቂን በአስተማማኝ ሁኔታ አይከላከልም፤ ክንድ ላይ በመርፌ የሚደረገውን የቲቢ የቆዳ ምርመራም ሊያሳስት ስለሚችል፣ መከተብዎን ለመርማሪው ይንገሩ። እስከዚያ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት ወይም ክብደት መቀነስ ካዩ ቀጠሮውን አይጠብቁ።