የማይርገበገብ «ሽፋሽፍት»፦ ስለ ወንዴ ዘር ቱቦዎች ሕዋሳት አሰያየም

ጥያቄ፦ ስለ አጥቢ እንስሳት የወንዴ ዘር ቱቦዎች ሕዋሳዊ አወቃቀር የተጻፈ የማስተማሪያ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ከሕዋስ ጫፍ የሚወጡትን ፀጉር መሰል ነገሮች፣ ሲሊያንም ስቴሪዮሲሊያንም፣ «ሽፋሽፍት» ብያቸዋለሁ። አራሚዬ አንድ ቃል ለሁለት ነገር አይሆንም አሉኝ፤ «ሐሰተኛ ድርብርብ ሽፋን» እና «መሠረታዊ ሕዋስ» ያልኳቸውንም አልተቀበሏቸውም። ምን ብል ይሻላል?

መልስ፦ አራሚዎ ልክ ናቸው። ከሁሉ ቀድሞ መታረም ያለበት «ሽፋሽፍት» ነው፤ አንባቢውን ስለ አካሉ የተሳሳተ ነገር የሚያስተምረው እሱ ስለሆነ። ረቂቅዎ ውስጥ «የኤፒዲዲሚስ ሽፋሽፍት እየተርገበገበ ስፐርሙን ወደፊት ይገፋል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ (ኤፒዲዲሚስ ከዘር ፍሬው ጋር የተያያዘ፣ ስፐርም የሚያልፍበት ጥምዝምዝ ቱቦ ነው)። ሰዋስዉ እንከን የለበትም፤ የሚናገረው ነገር ግን ስሕተት ነው። ሽፋሽፍት ከተባለ መርገብገብ መከተሉ አይቀርምና፣ ስሙ ግሱን ጎትቶ አመጣው። ኤፒዲዲሚስ ውስጥ ያሉት ደግሞ አይርገበገቡም።

ስፐርም ከዘር ፍሬው ወጥቶ ኤፒዲዲሚስ የሚደርሰው በቀጫጭን አውጪ ቱቦዎች በኩል ነው። እነዚህን ቱቦዎች ከውስጥ ከለበጧቸው ሕዋሳት መካከል እውነተኛ ሲሊያ ያላቸው አሉ። በእያንዳንዱ ሲሊየም ውስጥ 9 ጥንድ ማይክሮቱቡሎች (እጅግ ቀጫጭን የፕሮቲን ቱቦዎች) ዙሪያውን፣ 2 ነጠላዎች ደግሞ መሃል ላይ ይቆማሉ፤ ሲሊየሙ የሚወዛወዘው በዚህ አሠራሩ ነው። ሲሊያ የሌላቸው ጎረቤቶቻቸው ከፍሬው የመጣውን ፈሳሽ አብዛኛውን ይመጥጣሉ። ኤፒዲዲሚስ ውስጥ ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። የዋናዎቹ ሕዋሳት፣ ማለትም ቱቦውን በብዛት የለበጡት፣ ስቴሪዮሲሊያ ማይክሮቱቡል የላቸውም፤ ውስጣቸው አክቲን የተባለው ፕሮቲን ክሮች ጥቅል ነው። በአሠራራቸው እጅግ የረዘሙ ማይክሮቪላይ (ከሕዋስ ገጽ የሚወጡ ጣት መሰል ጥቃቅን ዘርፎች) ናቸው፤ የሕዋሱን ጫፍ ገጽ አስፍተው ፈሳሽ ለመምጠጥ ያግዛሉ። ስፐርሙን የሚያሳልፈው በቱቦው ዙሪያ ያለው ልሙጥ ጡንቻ ነው፤ እየተኮማተረ ይገፋዋል።

ልዩነቱ በተራ ማይክሮስኮፕም ይታያል። አውጪ ቱቦው ውስጥ ረጃጅምና አጫጭር ሕዋሳት እየተፈራረቁ ስለሚቆሙ የቱቦው የውስጥ ክፍተት ጠርዝ ወጣ ገባ ይላል፤ ከሲሊያው ሥርም ሲሊያው የበቀለባቸው አካላት በጠቆረ መስመር ተደርድረው ይታያሉ። የኤፒዲዲሚስ ክፍተት ግን ጠርዙ እኩል ነው። ስቴሪዮሲሊያው ጫፍ ለጫፍ ተጣብቆ እንደ ረጠበ ብሩሽ ይሾላል፤ ከሥሩ ያ ጥቁር መስመር የለም። ተማሪዎ ሁለቱንም «ሽፋሽፍት» በሚል ስም ከተማረ፣ ይህን ልዩነት እያየም የሚጠራበት ቃል አይኖረውም።

ስለዚህ የሚወዛወዘውን «ሲሊያ»፣ የማይወዛወዘውን «ስቴሪዮሲሊያ» ይበሉት። ስቴሪዮሲሊያ በመጀመሪያ ሲጠቀስ «የማይወዛወዙ ረጃጅም ማይክሮቪላይ» የሚል ፍቺ ያስከትሉለት። «ስቴሪዮ» በግሪክኛ ጠጣር፣ ግትር ማለት ነው፤ ለብዙ አንባቢ ግን የድምፅ ማጫወቻ ስም ስለሆነ ፍቺው አይዘለል። የውሰት ቃሉን የመረጥኩበት ሌላም ምክንያት አለ፦ በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳትም ስቴሪዮሲሊያ አላቸው። ለዘር ቱቦ ብቻ የተፈጠረ ስም ስለ ጆሮ የሚጻፈው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ይሰናከላል።

«ሐሰተኛ ድርብርብ»ን በተመለከተ፦ «ሐሰተኛ» በአማርኛ የሚያታልል ሰው ወይም አስመስሎ የተሠራ ገንዘብ ጠባይ ነው፤ ለሽፋን አይስማማም። እዚህ ያታለለ የለም። ሕዋሳቱ ሁሉ አንድ ወለል ላይ ነው የቆሙት፤ አንዳንዶቹ እስከ ክፍተቱ ስለማይደርሱና ኒውክሊየሶቻቸው በተለያየ ከፍታ ስለሚገኙ ግን ለዐይን ብዙ ንብርብር ይመስላሉ። አማርኛ ለዚህ «መሳይ» የሚል ዝግጁ ቃል አለው፤ «ድርብርብ መሳይ ሽፋን» ቢሉት ነገሩን ልክ ይገልጸዋል። «መሳይ» ሁልጊዜ ከሚመስለው ነገር በኋላ ይግባ፤ «መሳይ ድርብርብ» ካሉ ትርጉሙ ይገለበጣል።

«መሠረታዊ ሕዋስ» ደግሞ ከሁሉም በላይ አሳሳች ነው። መሠረታዊ ስንል ያለ እሱ የማይሆን፣ ዋነኛ ማለታችን ነው፤ አንባቢው «ዋና ሕዋስ» ከተባለው ጋር ያምታታዋል። የሚገልጹት ሕዋስ ትንሽ ነው፤ ከዋናዎቹ ሕዋሳት እግር ሥር፣ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። የአልጋ ራስጌና ግርጌ፣ የገጽ ግርጌ እንደምንለው «የግርጌ ሕዋስ» ቢባል ቦታውም ቁመናውም ከአንድ ቃል ይገኛል። እኔ በዚህ ቃል እጸናለሁ።

ስለ ብዙ ቁጥር አልጠየቁም፤ ረቂቅዎ ውስጥ ግን «ሕዋሳቶች» ደጋግሞ ስለገባ ማለፍ አልቻልኩም። «ሕዋሳት» ራሱ የብዙ ነው፤ ወይ «ሕዋሳት» ወይ «ሕዋሶች» ይበሉ። ሲሊያም በላቲን የብዙ ቁጥር ነው፤ ነጠላው ሲሊየም ነው። ሆኖም «ሲሊያዎች» የሚለውን አልከለክልም፤ ባክቴሪያም እንዲሁ የብዙ ሆኖ ሳለ «ባክቴሪያዎች» ማለት ከጸና ቆይቷል። የላቲኑን የብዙ ምልክት ጆሯችን አይለየውም፤ «‑ኣት»ን ግን ይለየዋል።

በመጨረሻ «ቦይ» ያሉትን በ«ቱቦ» ይተኩት። ቦይ ተቆፍሮ ውኃ የሚወርድበት፣ ላዩ ክፍት የሆነ ነው። «ቱቦ» ከጣልያንኛ የመጣ ቢሆንም ዙሪያው የተዘጋ መሆኑን ይናገራል፤ እዚህ የሚያስፈልገውም ይህ ነው። ከኤፒዲዲሚስ ጅራት የሚቀጥለውን «ዘር አስተላላፊ ቱቦ» ማለትዎ ጥሩ ነው። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ጡንቻው በሦስት ንብርብር ተሠርቷል፦ የውስጡና የውጩ በቁመት፣ የመሃሉ በዙሪያ የተዘረጋ። «ድርብርብ» የሚለውን ቃል ያለ «መሳይ» የሚጽፉት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ደግሞ እንዲህ ያስተካክሉት፦ «የኤፒዲዲሚስ ዋና ሕዋሳት ስቴሪዮሲሊያ ፈሳሽ የሚመጠጥበትን ገጽ ያሰፋል፤ ስፐርሙን ወደፊት የሚገፋው ግን የቱቦው ጡንቻ ነው።»