የጋራዥ ጥያቄና መልስ፦ ዝም ያለው አውቶቮክስ

በዚህ እትም ከጅማ የደረሱን ጥያቄዎች ሁሉም በድሮ መኪና ሬዲዮ ዙሪያ ናቸው። የመጀመሪያው ዘርዘር ያለ መልስ ስለሚፈልግ ሰፊውን ቦታ ለእሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ በፈረንጆች የ1969 ሞዴል ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር አለኝ። አብሮት የኖረው አውቶቮክስ ሬዲዮ ድምፅ ካሰማ 20 ዓመት አልፎታል። ኤሌትሪሺያኑ «ይሄን ጣለውና ዩኤስቢ ያለው እናስገባ፣ ቀዳዳውን ትንሽ ካሰፋነው ይገባል» ይለኛል። እኔ የምፈልገው ዋናው እንዲሠራ ነው። ባትሪ ሰጥቼ ልሞክረው? (ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ ባትሪ አይስጡት፤ ክሩስኮቱንም አያስቆርጡ። ቀዳዳው አንዴ ከሰፋ ዋናው ሬዲዮ ተጠግኖ ቢመጣም የሚይዘው ነገር አያገኝም።

ባትሪውን የከለከልንዎት በካፓሲተሮቹ ምክንያት ነው። ኤሌክትሮሊቲክ የሚባሉት ትንንሽ ሲሊንደሮች ሥራ ሲፈቱ ይበላሻሉ፦ ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ይደርቃል፣ አሉሚኒየሙን የሸፈነው ስስ ኦክሳይድም ይሳሳል። ድንገት 12 ቮልት ሲያገኙ ማገድ ትተው ያስተላልፋሉ። ያኔ ቀድሞ የሚቃጠለው ስፒከሩን የሚነዳው የጀርማኒየም ትራንዚስተር ነው። ካፓሲተር በትንሽ ብር የትም ይገኛል፤ ኤዲ149ን የመሰለ ትራንዚስተር ግን አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ ድረስ ወርደውም ላያገኙት ይችላሉ።

ሬዲዮውን ሲያወጡ መጀመሪያ የባትሪውን ማይነስ ይንቀሉ። ሁለቱን ማዞሪያዎች ወደ ራስዎ ይሳቡ፤ ከሥራቸው ያሉትን ዳዶዎች ይፍቱ፤ ከኋላ ደግፎ የያዘውን ላሜራ አይርሱ። ብዙ ሰው እሱን ረስቶ ሲጎትት ነው የሬዲዮውን ፊት የሚያጣምመው። ገመዶቹን ከመንቀልዎ በፊት ፎቶ ያንሱ።

ጨርቅ ጣራ ያለው መኪና በጅማ ዝናብ ከከረመ ሬዲዮው ውስጥ እርጥበት መኖሩ አይቀርም። ክዳኑን ከፍተው ከ40 እስከ 50 ዲግሪ በሆነ ሙቀት ሁለት ቀን ያድርቁት፤ ካርቶን ውስጥ አንድ ተራ አምፑል ማብራት ይበቃል። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ አያስቀምጡት፤ የሽቦ ጥቅሎቹ ላይ የፈሰሰው ሰም ይቀልጥና ዓመታት የጸናው የጣቢያ ቅኝት ይናጋል። አረንጓዴ ዝገቱን በአይሶፕሮፒል አልኮልና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጽዱ። የፊቱን ቁጥሮች ግን በሳሙና ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይንኩ። የብረት ማንጸባረቂያ ቅባት ከነካቸው ጽሑፉ በአንድ ጊዜ አብሮ ይጠረጋል።

ቀጥሎ ኤሌክትሮሊቲኮቹን በሙሉ ይለውጡ፤ «ይሄኛው ደህና ይመስላል» ብሎ መተው የለም። አንዱን ነቅለው አዲሱን ከበየዱ በኋላ ወደ ሌላው ይለፉ። ሁሉንም ነቅሎ ኋላ የሚገጥም ሰው ፕላስና ማይነሱን መገልበጡ አይቀርም። 5 ማይክሮፋራድ የሚል ካገኙ 4.7፣ 50 የሚል ካገኙ 47፣ 500 የሚል ካገኙ 470 ያስገቡ። ቮልቱ 25፣ የሙቀት ልኩ 105 ዲግሪ ይሁን፤ ክሩስኮት ውስጥ ይሞቃል። ውስጡም እንደ ድሮው እንዲታይ ከፈለጉ የአሮጌውን ካፓሲተር ቆርቆሮ አራግፈው አዲሱን እዚያው ውስጥ ይደብቁት። የዛሬዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ያለ ችግር ይገባሉ።

ከካፓሲተሮቹ በኋላ ትራንዚስተሮቹን ይዩ። በዚያ ዘመን ብዙ የአውሮፓ ሬዲዮዎች ኤኤፍ114፣ 115፣ 116 ወይም 117 የሚል ጽሑፍ ያለባቸው፣ አራት እግር ያላቸው ትራንዚስተሮች አሉባቸው። በሽታቸው የታወቀ ነው፦ ከቆርቆሮው የውስጥ ግድግዳ ከፀጉር የቀጠነ የቲን ክር ያድግና ውስጡን ከቆርቆሮው ጋር ያገናኘዋል። አራተኛው እግር ከቆርቆሮው ጋር የተያያዘው ነው። ሬዲዮው ኃይል ሳይኖረው በቴስተር ከእሱ ወደ ሦስቱ ይለኩ፤ ከአንዱ ጋር እንኳ ከተገናኘ ክሩ አድጓል ማለት ነው። ክሩ የነካው አንድ እግር ብቻ ከሆነ ያንን አራተኛ እግር በፒንሳ መቁረጥ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ቆርቆሮው ከማሳ (ከሬዲዮውና ከመኪናው አካል ጋር ከተያያዘው መስመር) ስለሚለይ ጣቢያው ይመለሳል። ሁለት ከነካ ኤኤፍ124 እስከ 127 ካሉት ተመሳሳዩን ይፈልጉ።

ትልቁ የውጤት ትራንዚስተር፣ ማለትም ስፒከሩን የሚነዳው፣ ከሬዲዮው አካል የሚለየው በስስ የማይካ ወረቀት ነው። ማይካው ከተሰነጠቀ ሬዲዮው ገና ሲከፈት ፊውዝ ሊበላ ይችላል። በቴስተር ያረጋግጡ፤ ከነቀሉት ደግሞ ከሁለቱም ወገን ነጩን የሙቀት ቅባት ይቀቡ።

አሁን ኃይል ይስጡት፤ ግን በአምፑል በኩል። 12 ቮልት 21 ዋት የፍሬን አምፑል በፕላሱ መስመር ላይ በተከታታይ ያስገቡ። በጤናማ ሬዲዮ አምፑሉ አይበራም፤ ቢበዛ ፈዘዝ ይላል። ቦግ ብሎ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ፤ ወዲያው ይንቀሉ። ስፒከር ሳይያያዝ በፍጹም አይክፈቱት፤ ብዙዎቹ የሚፈልጉት ከ4 እስከ 5 ኦም ነው። ከ10 ደቂቃ በኋላ የውጤት ትራንዚስተሩን በጣት ይንኩ። ለብ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ጣት የማያስቆም ከሆነ ያጥፉት፤ ጀርማኒየም በሞቀ ቁጥር የበለጠ ከረንት ይስባል፣ የበለጠ በሳበ ቁጥር የበለጠ ይሞቃል። መኪናው ላይ ሲመልሱት የ2 አምፔር ፊውዝ ይበቃዋል።

ፊያትዎ ማይነሱ ማሳ ስለሆነ በዚህ በኩል አያስቡ። የእንግሊዝ መኪና ያላችሁ ግን ልብ በሉ፦ ኤምጂ ቢ እስከ 1967 ድረስ ፕላሱ ነበር ማሳው። ትራንዚስተር ሬዲዮ ተገልብጦ ከተገጠመ በአንድ ሰከንድ ያበቃለታል።

የድምፅ ማዞሪያው ከተንኮሻኮሸ የኮንታክት ማጽጃ ጠብታ አስገብተው 30 ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ ያዙሩት። ለዝገት ብሎን የሚረጨውን ዘይት እዚያ አያስገቡ፤ ካርቦኑን ያበላሻል፣ አቧራም ይሰበስባል።

የመጨረሻው ሥራ መኪናው ላይ የሚደረግ ነው። ከአንቴናው ሶኬት አጠገብ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ውስጧ ብሎን አለ። አንቴናውን ሙሉ በሙሉ ዘርግተው፣ በመካከለኛ ሞገድ 1400 ኪሎኸርዝ አካባቢ ደከም ያለ ጣቢያ ይፈልጉ፤ ማታ በቀላሉ ይገኛል። ከዚያ ብሎኑን በዝግታ፣ ድምፁ ከፍ እስኪል ድረስ ያዙሩት። ብዙ ጊዜ ግማሽ ዙር እንኳ አይሞላም። የብረት ካቻቢቴ ራሱ ቅኝቱን ስለሚያዛባ የጥርስ ብሩሽ እጀታ ሞርደው ይጠቀሙ። ይህች ብሎን ስላልተነካች ብቻ «ሬዲዮው ደክሟል» ተብሎ የተጣለ ስንት ሬዲዮ አለ!

ጥያቄ፦ የአልፋ ሮሜዮዬ ሬዲዮ ሞተሩ ሲጠፋ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሞተር ሳስነሳ ትክ-ትክ ይላል፤ ነዳጅ ስሰጥ ደግሞ ፉጨት ይጨምራል። (ከሄርማታ)

መልስ፦ የሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክተው ከሆነ መጀመሪያ እሱን ይንቀሉ። ዛሬ መካከለኛ ሞገድን ከምንም በላይ የሚረብሸው እሱ ነው።

ካልሆነ ሁለት የተለያዩ ችግሮች አሉብዎት። ትክ-ትክ የሚለው ከካንዴላ ነው፤ ፉጨቱ ከዲናሞ። የአንቴናውን ገመድ ከሬዲዮው ይንቀሉ፤ ረብሻው ከጠፋ የሚገባው በአንቴና ነው፣ ካልጠፋ በኃይል መስመሩ። በአንቴና የሚገባውን ለማዳን የአንቴናውን እግር ፈትተው ቦዲው ላይ ያለውን ቀለም እስከ ላሜራው ድረስ ይፋቁ፤ የሞተር ኮፈኑንም በተጠለፈ የመዳብ ሽቦ ከቦዲው ጋር ያገናኙ። የካንዴላ ኮፍያዎቹ 5 ኪሎ ኦም መቋቋሚያ ያላቸው ይሁኑ።

ለኃይል መስመሩ 1 ማይክሮፋራድ ኮንደንሰር (ካፓሲተር) ቦቢናው (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ጥቅል) ላይ ይግጠሙ፤ ከቁልፍ በሚመጣው ሽቦ በኩል፣ አካሉ ማሳ። ወደ ፑንቲና (የቦቢናውን ከረንት የሚያቆራርጠው ኮንታክት) በሚሄደው በኩል የገጠመ ሰው ሬዲዮውን ሳያድን ሞተሩን ያሳምማል፦ እዚያ ያለው ኮንደንሰር 0.2 ማይክሮፋራድ አካባቢ ስለሆነ አምስት እጥፍ ሲጨመርበት እሳቱ ይደክማል፣ ሞተሩ ይንተፋተፋል። ለፉጨቱ ከ2.2 እስከ 3 ማይክሮፋራድ ያለውን ባትሪ በሚሞላው የዲናሞ ጫፍ ላይ ይግጠሙ። የፊልድ ጫፉን አይንኩት፤ የቻርጅ መቆጣጠሪያው ይበላሻል።

ጥያቄ፦ ካርማን ጊያዬ ላይ ያለው ብላውፑንክት ፍራንክፈርት 104 ላይ ያቆማል። ከዚያ በላይ ያለውን ጣቢያ እንዴት ላግኝ? ቁልፎቹ ላይ ያሉት ፊደላትስ ምንድን ናቸው? (ከአጂፕ ሰፈር)

መልስ፦ «ዩ» ኤፍኤም ነው፤ «ኤም» መካከለኛ ሞገድ፣ «ኬ» አጭር ሞገድ። «ኤል» የአውሮፓ ረጅም ሞገድ ስለሆነ ይርሱት። በዚያ ዘመን የአውሮፓ ኤፍኤም 104 ላይ ስለሚያበቃ ሬዲዮዎ ጉድለት የለበትም። ማዛወር ግን ይቻላል፤ የሚጠፋው ከታች ያለው 4 ሜጋኸርዝ ያህል ነው።

ትንሽ ዲጂታል ሬዲዮ አጠገቡ ያስቀምጡ። የብላውፑንክቱን መርፌ 90 ላይ ያቁሙ። የውስጡ ኦሲሌተር (ሬዲዮው ጣቢያ ለመምረጥ ራሱ የሚያመነጨው ሞገድ) ከሚቀበለው በ10.7 ሜጋኸርዝ ስለሚበልጥ ትንሿ ሬዲዮ 100.7 ላይ ሹክሹክታዋን አቁማ ጸጥ ትላለች። አሁን የኤፍኤም ክፍሉን የኦሲሌተር ጥቅል እምብርት በፕላስቲክ ካቻቢቴ በጥቂት በጥቂቱ ያዙሩ፤ ጸጥታው 104.7 ላይ ሲደርስ ያቁሙ። ከእንግዲህ መርፌው 90 ሲል 94ን፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ 108 አካባቢን ይይዛል። ልዩነቱ በሁሉም ቦታ እኩል 4 አይሆንም። ስንት ዙር እንዳዞሩ ወረቀት ላይ ጽፈው ክዳኑ ውስጥ ይለጥፉ፤ ነገ ወደ ቦታው መመለስ የሚፈልግ ሰው ይኖራል።

ጥያቄ፦ ከስልኬ ሙዚቃ በመኪናዬ የድሮ ሬዲዮ መስማት እችላለሁ? (ከኮቺ)

መልስ፦ ኤፍኤም ካለው በሲጋራ ማቀጣጠያው የሚሰካ ትንሽ አስተላላፊ ይበቃል፤ ምንም አይቆረጥም። ኤፍኤም ከሌለው ጠጋኙ የግራና የቀኙን ድምፅ በ4.7 ኪሎ ኦም መቋቋሚያዎች አዋህዶ፣ በ1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በኩል የድምፅ ማዞሪያው መግቢያ ላይ ያስገባዋል። ገመዱ ከኋላ ይውጣ እንጂ ፊቱ ላይ ቀዳዳ አይበሳ።

ጥያቄ፦ የ1965 ቮልሴን ከ6 ወደ 12 ቮልት ቀየርኩት። ሬዲዮውስ? (ከመርካቶ፣ ጅማ)

መልስ፦ ጎኑን ይዩ። ብዙዎቹ 6 እና 12 የሚል ተነቅሎ የሚዞር መሰኪያ አላቸው፤ እሱን ማዞር ይበቃል። ከሌለውና ሲከፈት እንደ ንብ ጥዝዝ የሚል ድምፅ ካለው፣ በቱቦና በቫይብሬተር (ቮልቱ ከፍ እንዲል ከረንቱን በፍጥነት የሚያቆራርጥ ክፍል) የሚሠራ ባለ 6 ብቻ ነው። በተከታታይ መቋቋሚያ ቮልት ለመቀነስ አይሞክሩ፤ ቱቦዎቹ እስኪሞቁ የሚሳበው ከረንት ስለሚለዋወጥ ቮልቱም አብሮ ይዋዥቃል። ከ12 ወደ 6 የሚቀይር፣ 10 አምፔር የሚችል መቀየሪያ ይግዙ። ከመክፈትዎ በፊት ደግሞ የቫይብሬተሩ ትራንስፎርመር ከፍተኛ ቮልት በሚያወጣበት ጎን ያለውን ካፓሲተር ይለውጡ። ልኩ አሮጌው ላይ የተጻፈው ይሁን፤ ቮልቱ ከ1600 አይነስ። እሱ ሾርት ካደረገ ትራንስፎርመሩን ይዞት ይሄዳል።