ስለ አንዲት መቀስ

ሰሞኑን ቱሉ ዲምቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሁለት ልጆች አየሁ። የማውቃቸው አንድ ፋብሪካ አብረው ሲሠሩ ነው። ምሳ ዕቃቸውን አንድ ላይ ከፍተው፣ የአንዷን ሽሮ ከሌላዋ ምስር ጋር እያጠቀሱ የሚበሉ ነበሩ። አሁን አንዷ ተቀንሳለች፣ አንዷ ሥራ ላይ ናት። በመካከላቸው ሦስት ሰው ቢኖር ነው። የቀረችው ስልኳ ላይ አቀረቀረች። የተቀነሰችው ደግሞ "ባጅ አንጠልጥሎ መዞር ምን ይሉታል!" አለች፣ ለማንም እንዳልተናገረ ሰው ጮክ ብላ። ያቺ መልስ አልሰጠችም። ባጇን አውልቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ቤቴ ገብቼም ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ይህን የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው፣ በተለይ የመጀመሪያ ሥራችሁ ላይ ላላችሁ ልጆች።

እኔ 30 ዓመት ግድም ከፋብሪካ ፋብሪካ ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ኃይል ክፍል። የቅጥሩም የስንብቱም ደብዳቤ በእጄ አልፏል። መጨረሻ ላይ የራሴም ደረሰ።

በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ ስታስወጣ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው ልብስ ቀረጥ መጣበት። ትዕዛዝ ቀነሰ። ያኔ እኔ የነበርኩበት፣ ከአቃቂ አለፍ ብሎ ያለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሁለት ላይን (የማምረቻ መስመር) ዘጋ። ዝርዝሩ ቅዳሜ ከሰዓት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ቅዳሜ የሚለጠፈው ሰው እሁድን ቤቱ አልቅሶ እንዲመጣ ነው፣ እኔ ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም። የተየብኩት እኔ ነኝ።

ክፉው ነገር ግን የመጣው ዝርዝሩ ላይ አይደለም፣ ክሊራንስ ላይ ነው። ክሊራንስ ታውቃላችሁ አይደል? ስትወጡ የድርጅቱ ዕቃ እንደሌለባችሁ የምታስፈርሙበት ወረቀት ነው። ስቶር ይፈርማል፣ ፋይናንስ ይፈርማል፣ መጨረሻ ሰው ኃይል። አንዲት 7 ዓመት የሠራች ኦፕሬተር ወረቀቷን ይዛ ስቶር ሄደች። የክር መቁረጫ መቀስ ወጪ አድርጋለች፣ መቀሷ የለችም። ስቶር ኪፐሩ "መቀሷን ሳታመጪ አልፈርምም" አላት። ነገ ነይ። በነጋታውም ነገ ነይ። ይህ ሰው ለዓመታት ከእሷ ጋር እቁብ የጣለ ሰው ነው! እኔ ጋ መጣች። ሥራ ሲቋረጥ ክፍያ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት፣ ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የድርጅቱን ንብረት ካዘገየ ግን ጊዜው ሊራዘም ይችላል ይላል ሕጉ። እሱን ጠቀስኩላትና "መጀመሪያ ስቶር አስፈርሚ" አልኳት።

"ጋሼ፣ እርስዎም?" አለችኝ።

የመቀሷን ዋጋ ከኪሷ ከፍላ አስፈርማ ወጣች። ማታውኑ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ስቶር ኪፐሩን ሌባ አለችው። የቀሩት ለእሱ ወገኑ፣ የወጡት ለእሷ። ከዚያ በኋላ ማን ለማን ምን እንዳለ መቁጠር ያስጠላል፤ የሰው ትዳር ሳይቀር ተነሳ። የስቶር ኪፐሩ እናት ሲያርፉ ከወጡት ውስጥ ለቅሶ የደረሰ አንድም ሰው የለም። እዚህ አገር ለቅሶ ከቀረ ምን ቀረ?

ስቶር ኪፐሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ፈሪ ነበር። ዕቃ ከጎደለ ከደመወዙ እንደሚቆረጥ ያውቃል፣ ቀጣዩ ዝርዝር ላይ ስሙ ይኑር አይኑር ግን አያውቅም። (ነበረ። የእኔም ከእሱ ሥር ነበረ።) ይህን ያወቅኩት ግን ራሴ ወረቀት ይዤ በር ለበር ስዞር ነው።

ከሥራ ስትቀነሱ የወሰነው ሰው አይታያችሁም። ምናልባት ስብሰባው የተደረገው በሌላ አገር ነው። የሚታያችሁ አጠገባችሁ የነበረችው፣ ሰኞ ጠዋት ሰርቪስ የምትሳፈረዋ ልጅ ናት። "ስሜን የሰጠችው እሷ ናት" ማለት ቀላል ነው። ጠቋሚ የለም አልልም፣ ዘመኔን ሙሉ አይቻለሁ። ግን እሷ ላይ ከማፍጠጣችሁ በፊት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ን አንብቡ። አንቀጽ 29 አሠሪው ከማኅበሩ ወይም ከሠራተኛ ተወካዮች ጋር እንዲመክር ያዛል። ሥራ ላይ ለመቆየት ችሎታና ምርታማነት ይቀድማል፣ በዚያ እኩል ከሆናችሁ አገልግሎትና የቤተሰብ ኃላፊነት ይታያል። በዚህ ተራ አልሄዱም? እንግዲያው ክርክራችሁ ከአሠሪው ጋር ነው። ማስጠንቀቂያው በቅነሳ 2 ወር ነው። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለተጨማሪው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ ሳያልፍ። ቅነሳ ስለሆነ ደግሞ የ60 ቀን ይጨመራል። ያቺ 7 ዓመት የሠራች ልጅ የ150 ቀን ደመወዝ አላት ማለት ነው። ቁጭ ብላችሁ አስሉት። አንድ ነገር ደግሞ፦ ያላግባብ ተሰናበትኩ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሰው 3 ወር ብቻ ነው ያለው። በእኛ ጊዜ ያ 3 ወር ቴሌግራም ላይ በስድብ አለቀ። ሊከሱ የሚችሉ ሰዎች ነበሩ፣ አንዱም አልከሰሰም።

የቀራችሁት ደግሞ አትደበቁ። እናንተ አፍራችሁ ነው የምታቀረቅሩት፣ ይገባኛል። የወጣው ሰው የሚያየው ግን ንቀት ነው። ሄዳችሁ ሰላም በሉ፣ ቢሰድቧችሁም አንዴ ስሙትና እለፉት። "ለበጎ ነው" እንዳትሉ ብቻ፣ ይህን የሚል ሰው ሁልጊዜ ደመወዙ ያልተቋረጠ ነው። እቁብ ያልደረሰው ካለ ሰብሰብ ብላችሁ ድርሻውን መልሱለት። ቅጥር ስትሰሙ ደውሉ። የቤት ኪራይ ደርሶበት ከሆነ ያለችውን መቶ ሁለት መቶ ብር አዋጡ፣ ይህን ግን ግሩፕ ላይ አትለጥፉት።

ያን ቀን ከእኔ ዘንድ የጎደለው ትንሽ ነገር ነበር። ወረቀቱን ከእጇ ተቀብዬ ስቶር ድረስ አብሬያት ብሄድ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ዋጋውን ከክፍያዋ ቀንሼ ማስጨረስም እችል ነበር። አላደረግኩም፣ አንቀጽ ጠቅሼ ተቀመጥኩ።

መቀሷ ተገኝታ ነበር። የተዘጋው ላይን ማሽኖች ሲነሱ ከአንዱ ጠረጴዛ ሥር፣ ክር ተጠምጥሞባት። ይህን ስሰማ ልደውልላት አሰብኩ፣ አፈርኩና ተውኩት። ታክሲ ሰልፍ ላይ እነዚያን ልጆች ያየሁ ዕለት ግን ማታ ደወልኩ። ድምፄን ወዲያው አወቀችው። መቀሷ ተገኝታ እንደነበር ነገርኳት፣ ይቅርታም ጠየቅኳት።

ዝም አለች። ቆይታ "እና ጋሼ፣ ብሬ ይመለስልኛላ?" አለችኝ።

ነገ ቴሌብር አደርግላታለሁ። ከራሴ ነው።