አውቶፓይለቱ ሲይዝ የእናንተ እጅ የት ነው?

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ልጆቼ፣ ጡረታ ወጥቼ አገሬ ከገባሁ ወዲህ አቪዬሽን መማር የምትፈልጉ ሁሉ ስታገኙኝ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ጋሼ፣ አውሮፕላን አሁን በራሱ አይደል እንዴ የሚበረው? ፓይለቱ ታዲያ ምን ይሠራል?» ዕድሜዬን የበረራ መቆጣጠሪያ ስጠግን ስለኖርኩ ይኼን ጥያቄ እንዲሁ አላልፈውም።

አውቶፓይለት የታዘዘውን ይይዛል፣ በቃ። «ይህን ከፍታ ጠብቅ፣ በዚህ አቅጣጫ ሂድ» ሲባል ኮምፒውተሩ ሰርቮ የሚባሉ ሞተሮችን ያዛል። እነሱም ፓይለቱ በመሪው የሚያዛቸውን እነዚያኑ የክንፍና የጅራት ክፍሎች ያንቀሳቅሳሉ። በብዙ አውሮፕላን ላይ መሪውም አብሮ ይሄዳል፤ መጀመሪያ ያየ ሰው ይደነግጣል፣ ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ ወደ ግራ ዞሮ ይመለሳል። ኤርባስ ኤ320 ላይ ግን ከጎን ያለችው ስቲክ ንቅንቅ አትልም። እዚያ ማሽኑ የሚሠራውን የምታውቁት ከስክሪኑ ነው።

ኮምቦልቻ የሚያርፈውን ባለ ሁለት ፕሮፔለር ኪው 400 ታውቁታላችሁ። አውቶፓይለት አለው፣ አውቶትሮትል፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት በራሱ የሚያስተካክል መሣሪያ፣ ግን የለውም። ከፍታውን ማሽኑ ይይዛል፣ የሞተሩ ጉልበት በፓይለቱ እጅ ነው። እዚህች ላይ ልብ በሉልኝ።

የካቲት 2001 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 2009፣ አሜሪካ ቡፋሎ ከተማ አቅራቢያ ኮልጋን 3407 የተባለ በረራ፣ ይኸው ዓይነት አውሮፕላን፣ ለማረፍ ሲቃረብ ወደቀ። 50 ሰው አለቀ፤ አንዱ መሬት ላይ፣ ቤቱ ውስጥ የነበረ ነው። ጎማ ወረደ፣ የሞተሩ ጉልበት ግን ዝቅ እንዳለ ነበር፣ ፍጥነቱ እየወረደ ሄደ። አውቶፓይለቱ «ከፍታ ጠብቅ» ስለተባለ አፍንጫውን ቀስ በቀስ እያነሳ፣ ትሪሙንም፣ ማለትም መሪው ሳይከብድ አፍንጫው ባለበት እንዲቆይ የሚያደርገውን ማስተካከያ፣ አብሮ እያስተካከለ ያዘ። መሪውን የጨበጠ እጅ ቢኖር ክብደቱ ይሰማው ነበር። ፍጥነቱ አደገኛ ደረጃ ሲደርስ መሪው ለማስጠንቀቂያ ተንቀጠቀጠ፣ አውቶፓይለቱም ወዲያው ለቀቀ። ያኔ አፍንጫው ዝቅ ብሎ ፍጥነት እንዲያገኝ ወደ ፊት መግፋት ሲገባ ካፒቴኑ ወደ ራሱ ሳበው።

እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። ማሽኑ ችግሩን ለብቻው ተሸክሞ ይቆይና ከአቅሙ በላይ ሲሆን በአንድ ጊዜ ያስረክባችኋል።

«እንግዲያው በእጅ ማብረር ይሻላል» እንዳትሉኝ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. 157 ሰው ያጣንበት የቢሾፍቱው አደጋ ላይ ኤምካስ የተባለው ሥርዓት የሚሠራው አውቶፓይለቱ ጠፍቶ በእጅ ሲበር ነበር። አንድ ሴንሰር የተሳሳተ ቁጥር ሰጠው፣ እሱም የጅራቱን ክንፍ እያዞረ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ደፋ። አብራሪዎቹ ትሪሙን የሚያንቀሳቅሰውን ኤሌክትሪክ ቆርጠው የትሪሙን መዘውር በእጅ ሊያዞሩ ሞከሩ፣ ከፍጥነቱ የተነሳ አልንቀሳቀስ አላቸው። ዘመናዊ አውሮፕላን ላይ «በእጅ» ሲባልም መሃል ላይ ኮምፒውተር አለ።

ስለዚህ ፓይለት ለመሆን የምታስቡ፣ አንድ ልማድ ከሲሙሌተር ጀምሮ ይኑራችሁ። ቁልፍ በተጫነ ቁጥር ስክሪኑ ላይ የመጣውን ሁኔታ ድምፅ አውጥታችሁ ለጓደኛችሁ አንብቡ። ቁልፉን መጫናችሁ አይበቃም፤ ማሽኑ ትእዛዙን ተቀብሎ መሆን አለመሆኑን የሚነግራችሁ ስክሪኑ ነው። ሰማዩ ጥሩ ሲሆንና ሥራው ሲቀል ደግሞ፣ ደንቡ ከፈቀደ፣ አውቶፓይለቱን አጥፉትና በእጃችሁ አብርሩ። ደመናና የተጨናነቀ ኤርፖርት ላይ መልሳችሁ አብሩት፤ እሱ ሲይዝላችሁ ሐሳባችሁ ለሌላው ይተርፋል።

ቴክኒሽያን ለመሆን የምትፈልጉም አላችሁ፣ ይኼን ሥራ ዝቅ አድርጋችሁ አትዩት። በብዙ አውሮፕላን ላይ ሰርቮው ክላች አለው፤ አውቶፓይለቱ አልለቅ ቢል ፓይለቱ በጉልበቱ እንዲያሸንፈው የተሠራ ነው። ያ ክላች በተወሰነለት ኃይል መንሸራተቱን የምትለኩት እናንተ ናችሁ። ለክታችሁ በገዛ ፊርማችሁ ታስረክባላችሁ።