ባነሩ ሳይነካ ኩኪው ገብቷል

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ድረ ገጼ ላይ ጉግል አናሊቲክስ (የጎብኚ መቁጠሪያ) አለ፤ የኩኪ (ብሮውዘር ላይ የሚቀመጥ ትንሽ መረጃ) ፈቃድ መጠየቂያ ባነርም አስገብቻለሁ። ጀርመን ያለ ደንበኛዬ ግን ‹አልቀበልም ብልም ትከታተሉኛላችሁ› ብሎ ጻፈልኝ። ምን አጠፋሁ?»

ደንበኛዎ ልክ ሳይሆን አይቀርም። እርስዎም አሁኑኑ ማየት ይችላሉ። ብሮውዘሩን በኢንኮግኒቶ (የቀድሞ ኩኪዎችን በማይዘው የግል መስኮት) ይክፈቱ፣ ኤፍ 12ን ይጫኑ፣ ወደ ገጹ ይግቡ፤ ባነሩን ግን አይንኩት። «አፕሊኬሽን» በሚለው ትር ሥር ካሉት ኩኪዎች መካከል «_ga» የሚል ካገኙ ባነሩ ጌጥ ብቻ ነው ማለት ነው። ያ ኩኪ ካልተሰረዘ እስከ 2 ዓመት እንዲቆይ የተዘጋጀ ነው፤ አንዳንድ ብሮውዘሮች ግን ያሳጥሩታል።

ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የቅደም ተከተል ነው። የአናሊቲክሱ ኮድ ገጹ ራስጌ ላይ በቀጥታ ከተለጠፈ፣ ባነሩ ብቅ ሳይል ሥራውን ይጀምራል። ከዚያ ያንሱትና «እቀበላለሁ» ሲባል ብቻ እንዲጫን በታግ ማናጀር (እንዲህ ያሉ ኮዶች መቼ እንደሚጫኑ በሚወስነው መሣሪያ) በኩል ያስገቡት። ከዚያ እንደገና ይፈትሹ፤ ቴሙ (የገጹ ንድፍ) ውስጥ ያለውን አንስቶ ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ውስጥ ያለውን መርሳት የተለመደ ነው። እኔም አንዴ ግማሽ ቀን ፈጅቶብኛል።

«አዲሱ አናሊቲክስ አይፒ አድራሻ (የጎብኚውን የኢንተርኔት መለያ ቁጥር) አያስቀምጥም፤ ፈቃድ ለምን?» የሚሉ አሉ። የአውሮፓው የኩኪ ሕግ ግን ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው መሣሪያ ላይ ነገር ለማስቀመጥ ወይም ከዚያ ለማንበብ ነው፤ መረጃው የግል ሆነ አልሆነ ለውጥ የለውም። ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥንም ፈቃድ እንደማይሆን የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ወስኗል።

ያልጠየቁኝን ልጨምር፦ የአናሊቲክሱ ሪፖርት ውስጥ የተጎበኙትን ገጾች ዝርዝር ይመልከቱ። የአንድ ደንበኛዬን ስከፍት የሰዎች ኢሜይል ተደርድሮ አገኘሁ፤ የይለፍ ቃል መቀየሪያው ሊንክ የሰውየውን ኢሜይል አድራሻው ውስጥ ይዞ ይሄድ ነበር። ይህን ባነር አያድነውም፤ ሊንኩ ነው መስተካከል ያለበት።

ከዚህ በኋላ «አልቀበልም» ያሉት ስለማይቆጠሩ የጎብኚ ቁጥር ይወርዳል፤ ብልሽት አይምሰልዎት። ማቶሞን (ሌላ የጎብኚ መቁጠሪያ) በራስዎ ሰርቨር፣ ያለ ኩኪ ማስኬድም ይቻላል። የፈረንሳዩ የግል መረጃ ተቆጣጣሪ ለቀላል የጎብኚ ቆጠራ በቅድመ ሁኔታ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ደንበኛዎ ጀርመን ነውና ይህን እንደ ይለፍ አይውሰዱት።

ለእሱ ሲመልሱ፣ ኮዱ ቢነሳም የቀድሞው ኩኪ ብሮውዘሩ ላይ እንዳለ ይንገሩት። «አልቀበልም» ሲባል ድረ ገጹ ራሱ እንዲሰርዘው ያድርጉ።