ያላለቀ የመሬት ክርክር፦ ስለ መጓተቱ ለማን አቤት ይባላል?

ጥያቄው የደረሰኝ ከጣና ዳር ከሚገኝ አንድ ቀበሌ ነው። ጠያቂዋ ከአባታቸው የወረሱት፣ ቡናና ጌሾ ያለበት፣ ግማሽ ሄክታር የማይሞላ ይዞታ በአጎታቸው ልጅ ተይዞባቸው በጥቅምት 2007 ዓ.ም. ክስ መሥርተዋል። የወረዳው ፍርድ ቤት በ2010 ዓ.ም. ፈረደላቸው፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ግን ወሰኑ በባለሙያ ተለክቶ ይጣራ ሲል ነጥብ ይዞ ወደ ሥር መለሰው። ከዚያ ወዲህ ተከሳሹ ሞተው ወራሾቻቸው ተተክተዋል፣ በችሎቱ አራት ዳኞች ተፈራርቀዋል፣ ልኬቱ ግን እስከ ዛሬ አልቀረበም። “ጀርመን አገር ያለው ወንድሜ እዚያ ፍርድ ሲዘገይ መንግሥት ካሣ ይከፍላል ይለኛል። እኔስ ለሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ባመለክት መሬቴን ያስመልስልኛል? ካሣስ አገኛለሁ?” ሲሉ ይጠይቃሉ፤ ለዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ማመልከት ያዋጣ እንደሆነም ማወቅ ይፈልጋሉ።

የተከበሩ ጠያቂ፣ ዋናውን መልስ አስቀድሜ ልንገርዎት። መሬቱን የሚያስመልስልዎት ፍርድ ቤቱ ብቻ ነው። የአገር ውስጥም ሆነ የውጭ የሰብዓዊ መብት ተቋም ቡናው የእርስዎ ነው ወይም የአጎትዎ ልጅ ወራሾች ነው ብሎ አይወስንም። ሆኖም የክርክሩ መጓተት ከመሬቱ ተለይቶ ራሱን የቻለ የመብት ጥሰት ሊሆን ይችላል፤ ይህም በመጨረሻ ቢያሸንፉም ቢሸነፉም የሚለወጥ አይደለም። ተረቱ በፍርድ ከሄደችው በቅሎ ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦ ታሳዝናለች ይላል፤ የእርስዎ በቅሎ ግን በፍርድም ያለ ፍርድም ሳትሄድ ችሎት ደጃፍ ታስራ የቀረች ናት፣ ሕጉም ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት ስም አለው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት የማቅረብና ውሳኔ ወይም ፍርድ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ክስ መክፈት የመብቱ ግማሽ ሲሆን “ማግኘት” የሚለው ቃል ሌላው ግማሽ ነው። በተገቢ አጭር ጊዜ የመሰማት መብት በግልጽ የተጻፈው በአንቀጽ 20 ለወንጀል ተከሳሾች ስለሆነ፣ በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ክርክራችንን የምናጠናክረው ኢትዮጵያ በተቀበለቻቸው ስምምነቶች ነው። እነዚህ በአንቀጽ 9(4) መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው፤ የመብት ድንጋጌዎችም በአንቀጽ 13(2) መሠረት ከእነርሱ ጋር ተጣጥመው መተርጎም አለባቸው። ኢትዮጵያ በ1990 ዓ.ም. የተቀበለችው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር በአንቀጽ 7(1)(መ) ጉዳይ በተገቢ ጊዜ ውስጥ በገለልተኛ ፍርድ ቤት እንዲታይ ያዛል። በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችውን የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴም እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው 32ኛ አጠቃላይ ትንታኔ፣ በጉዳዩ ውስብስብነት ወይም በተከራካሪዎች ጠባይ ሊመካኝ የማይችል የፍትሐ ብሔር ክርክር መዘግየት የፍትሐዊ ዳኝነትን መርህ እንደሚጎዳ ገልጿል።

ወንድምዎ የነገሩዎት እውነት ነው፣ ግን ለእኛ አይሠራም። እንዲህ ያለውን የመዘግየት አቤቱታ የሚያየው፣ በስትራስቡርግ የሚያስችለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤትም የአውሮፓ ምክር ቤት አባል በሆኑ አገሮች ላይ ብቻ ነው የሚፈርደው። ይሁን እንጂ መለኪያውን ማወቅ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም የትም ቦታ ያለ ዳኛ የሚያመዛዝነው ይህንኑ ነው፦ ጉዳዩ ምን ያህል ውስብስብ ነበር፣ አመልካቹ ራሱ ምን አደረገ፣ ፍርድ ቤቱና የመንግሥት አካላት ምን አደረጉ፣ ለአመልካቹስ ጉዳዩ ምን ያህል የህልውና ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ይኸው ፍርድ ቤት በኦስትሪያ ላይ የፈረደባቸው ሁለት ጉዳዮች የገበሬ መሬት ጉዳዮች ነበሩ። የተበጣጠሰ የእርሻ ማሳ ተሰባስቦ እንደገና ሲደለደል፣ ሂደቱ በአንዱ ከ16 ዓመት በላይ፣ በሌላው ከ19 ዓመት በላይ ወስዷል። ፍርድ ቤቱ ሥራው ውስብስብ መሆኑን አልካደም፤ ገበሬዎቹ ያን ሁሉ ዘመን የትኛው መሬት የእነርሱ እንደሚሆን ሳያውቁ መቅረታቸው ግን ከጊዜው መብት በተጨማሪ የንብረት መብታቸውንም እንደነካ ወስኗል።

አሁን ይህን መለኪያ ወደ እርስዎ መዝገብ ላምጣው። በስልክ አንሥተው የላኩልኝን የትዕዛዝ ገጾች አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው፤ ጉዳዩ ከተመለሰ ወዲህ 41 ቀጠሮዎች አሉ። ከእነዚህ 17ቱ የተለወጡት የወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት የልኬቱን ውጤት ስላልላከ፣ 9ኙ ዳኛው ስለተዛወሩ፣ ዳኛ ስላልተሟላ ወይም መዝገቡ ተመርምሮ ስላላለቀ፣ 8ቱ በተከሳሽ ወገን ጥያቄ፣ 2ቱ ችሎት ስላልዋለ፣ 5ቱ ደግሞ በእርስዎ ጥያቄ ነው። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. የተሰጠው ትዕዛዝ አንድ መስመር ተኩል ብቻ ነው፦ ልኬቱ ስላልቀረበ መልስ ለመጠባበቅ ለሰኔ ተቀጥሯል ይላል። የሰኔው ገጽም ቃል በቃል ያው ነው፤ የተለወጡት ቀኑና ፊርማው ናቸው። በሁለቱ መካከል ጽሕፈት ቤቱ ለምን እንዳልላከ የጠየቀ ማንም የለም፤ ቅር አይበልዎትና እርስዎም አልጠየቁም።

ያቺን 5 ቁጥር የጠቀስኳት ለወቀሳ አይደለም። ከአምስቱ ሦስቱ ጠበቃ ሲቀይሩ የተጠየቁ መሆናቸውን አይቻለሁ፣ ያ ደግሞ መብትዎ ነው። ነገር ግን ስለ መጓተት የሚያመለክት ሰው በመጀመሪያ የሚመረመረው በራሱ ቀጠሮዎች ስለሆነ፣ ከእንግዲህ ስድስተኛ እንዳይጨምሩ አጥብቄ እመክራለሁ። ችሎት ያልዋለባቸውን ሁለቱን ደግሞ ብዙ አይግፉባቸው፤ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ በተፈጠረው የጸጥታ ችግር ምክንያት ፍርድ ቤቶች የተስተጓጎሉባቸው ጊዜያት እንደነበሩ የሚታወቅ ስለሆነ በዚያ ላይ የሚቆም አቤቱታ ደካማ ነው። ጉልበትዎ ያለው በ17ቱ ላይ ነው።

ይህ ቆጠራ ለማን አቤት እንደሚሉም ይወስናል። ብዙ ባለጉዳይ የማያውቀው ነገር የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በማቋቋሚያ አዋጁ ቁጥር 210/1992፣ የአስተዳደር በደልን የሚመረምረው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም በአዋጅ ቁጥር 211/1992፣ በማንኛውም ደረጃ ባለ ፍርድ ቤት በመታየት ላይ ያለን ጉዳይ እንዳይመረምሩ የተከለከሉ መሆናቸው ነው። ምክንያቱ መጥፎ አይደለም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 የዳኝነት ነጻነት ተረጋግጦ ሳለ አንድ ተቋም ለዳኛ “እንዲህ ፍረድ” የሚል ደብዳቤ እንዲጽፍ አንፈልግም። ውጤቱ ግን ግራ የሚያጋባ ነው፦ ክርክሩ ተጓተተ የሚል አቤቱታ የሚቀርበው ሁልጊዜ ክርክሩ ሳያልቅ ስለሆነ፣ በሩ ዘወትር የሚዘጋው ባለጉዳዩ በሚያንኳኳበት ሰዓት ነው። ባለፉት ዓመታት የአምስት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ በፌስታል ይዘው ቢሮዬ የመጡ ሰዎች አይቻለሁ፤ ሁሉም ደብዳቤዎች “ጉዳዩ በፍርድ ቤት የተያዘ በመሆኑ” ብለው ነው የሚጀምሩት።

መውጫው ያለው አቤቱታው በሚጻፍበት መንገድ ነው። የመሬት ጽሕፈት ቤት የፍርድ ቤትን ትዕዛዝ ተቀብሎ ዓመታት ሙሉ አለመፈጸሙ የዳኝነት ሥራ አይደለም፣ የአስተዳደር በደል ነው። ስለዚህ አቤቱታዎን “ፍርድ ቤቱ አጓተተብኝ” ብለው አይጻፉት፤ “ጽሕፈት ቤቱ በእነዚህ ቀናት የደረሱትን የልኬት ትዕዛዞች ሳይፈጽም ቀርቶ ፍርድ የማግኘት መብቴን አስተጓጎለ” ብለው የትዕዛዞቹን ግልባጭና ትዕዛዙ የደረሰበትን ማስረጃ አያይዘው በባሕር ዳር ለሚገኘው የእንባ ጠባቂ ቅርንጫፍ ያቅርቡ። ለሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የባሕር ዳር ጽሕፈት ቤትም በተመሳሳይ አገላለጽ ማመልከት ይቻላል። ለሁለቱም አይከፈልም፤ በቃልም በጽሑፍም ይቀበላሉ። የመሬቱን ታሪክ ግን ከአንድ አንቀጽ አያስበልጡት፤ ስለ አባትዎና ስለ አጎትዎ በጻፉ ቁጥር አቤቱታው ወደ ተከለከለው ክልል ይገባል።

ለዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ስለማመልከት ላነሡት ሐሳብ የምሰጠው መልስ አጭር ነው። ጉባኤው አንድን ዳኛ በዲሲፕሊን ጥፋት ወይም በጉልህ የቅልጥፍና ማነስ ሊጠይቅ ይችላል፤ በእርስዎ መዝገብ ግን አራት ዳኞች ተፈራርቀው እያንዳንዳቸው ጥቂት ቀጠሮ ስለያዙ፣ ጣት የሚጠቆምበትን ሰው አላየሁም።

ወደ ውጭ አገር የሚወስደው መንገድ ከሚባለው በላይ ጠባብ ነው። ኢትዮጵያ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳኑን የግለሰብ አቤቱታ ፕሮቶኮል ስላልተቀበለች ወደ ጄኔቫው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴ፣ የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤትን ፕሮቶኮል ስላላጸደቀች ፍርድ ቤቱ ወዳለበት አሩሻ መሄድ አይቻልም። የሚቀረው ጋምቢያ ባንጁል ያለው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ነው። በቻርተሩ አንቀጽ 56(5) መሠረት በአገር ውስጥ ያሉ መፍትሔዎች መሟጠጥ ቢኖርባቸውም፣ ሂደቱ ያለ አግባብ መራዘሙ ግልጽ ሲሆን ይህ ግዴታ ይቀራል። ኮሚሽኑ የደርግ ባለሥልጣናት የፍርድ ሂደት መጓተትን በሚመለከት በቀረበለት አቤቱታ ኢትዮጵያ አንቀጽ 7(1)(መ)ን እንደጣሰች ወስኗል፤ ስለዚህ መንገዱ ተሞክሯል። ነገር ግን እርሱም ዓመታት ይወስዳል፣ ውሳኔውም የሚወጣው ለመንግሥት በሚቀርብ ምክረ ሐሳብ መልክ ነው፤ ልኬቱን በጥቂት ወራት ማስቀረብ ለሚቻልበት ጉዳይ ባንጁል ድረስ መሄድን አልመክርም።

ካሣን በተመለከተ፣ ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ2001 በመጓተት ለተጎዳ ተከራካሪ ካሣ የሚሰጥ ሕግ አውጥታለች። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሕግ የለም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2138ም ዳኞች ከሥራቸው ጋር በተያያዘ ድርጊት በኃላፊነት እንዳይከሰሱ ይከለክላል። እርስዎ የሚያስቡት ገንዘብ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። በእነዚህ ዓመታት የቡናውን ፍሬ የለቀሙት፣ ጌሾውን ለገበያ ያወጡት ተከሳሾቹ ናቸው። የ2007ቱን ክስዎን ሳነበው ይዞታው ይመለስልኝ ከማለት ውጭ ስለ ፍሬው አንድም ቃል የለበትም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 91 ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት ክስን ማሻሻል እንዲፈቀድ ለመጠየቅ ስለሚያስችል፣ የታጣ ጥቅም ጥያቄ እንዲጨመር ያመልክቱ፤ ነጥብ ተይዞ በተመለሰ መዝገብ ላይ ተከሳሾቹ መቃወማቸው ስለማይቀር በጠበቃ ቢዘጋጅ ይሻላል።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ እስኪደርሱ አይጠብቁ። በዚህ ሳምንት መዝገብ ቤት ሄደው ሙሉ የትዕዛዝ ግልባጭ ያውጡና የ41ዱን ቀጠሮ ቀንና ምክንያት በአንድ ሠንጠረዥ አስፍረው ከማመልከቻ ጋር ያያይዙ። ማመልከቻው ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ቀጠሮው እንዲያጥር፣ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በአካል ቀርበው ልኬቱ ያልተላከበትን ምክንያት እንዲያስረዱ፣ ተከሳሾቹ ዛፍ መቁረጥ ጀምረዋል ስላሉኝም በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት ክርክሩ እስኪያልቅ እንዳይቆርጡ እግድ እንዲሰጥ። የመጨረሻው በቃለ መሐላ መደገፍ አለበት፤ የተቆረጡትን ጉቶዎች ቀን በሚያሳይ ፎቶግራፍ አንሥተው ያያይዙ። ማመልከቻውን ሲያስገቡ በእጅዎ የሚቀረው ቅጂ ላይ የመዝገብ ቤቱ ማኅተምና ቀን እንዲመታበት ያድርጉ፤ ችሎቱ ቢቀበለውም ባይቀበለውም፣ በኋላ ለእንባ ጠባቂው የሚያሳዩት ያንን ቅጂ ነው።