ከዋንዛ ቁርጥራጭ የተሠራ ጠረጴዛ በበጋ ለምን ይከፈታል?

ጥያቄ፦ «አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። በነሐሴ የተጠራቀመ የዋንዛና የባሕር ዛፍ ቁርጥራጭ በነጭ ኮላ አጣብቄ 120 በ60 ሳንቲም ጠረጴዛ ሠራሁ፤ በቱቦላሬ (የብረት ቱቦ) እግር ላይም በቪቴ አሰርኩት። ጥር ላይ መጋጠሚያዎቹ ከጫፍ ጀምረው ተከፈቱ። መሐሉም ላይ በጥፍር የሚነካ ጎድጓዳ መስመር ወጣ። ኮላው ነው ጥፋተኛው?»

መልስ፦ መጀመሪያ የተከፈተውን ፊት አይተው ይፍረዱ። ቃጫ ተገንጥሎ ኮላው ላይ ከቀረ፣ ኮላው ሥራውን ሠርቷል፤ የተረታው እንጨቱ ነው። ነጭ ዱቄት ካለ ኮላው በብርድ ነው የደረቀው። ልሙጥና ጠቆር ያለ ከሆነ ደግሞ በደነዘዘ መጋዝ የተቃጠለ ፊት ላይ ቀብተዋል፤ እንዲህ ያለ ፊት ኮላ አይጠጣም። በሚያጣብቁበት ዕለት አንድ ጊዜ ይላጉት።

የእርስዎ ግን የእርጥበት ጣጣ ይመስላል። በክረምት ያበጠ እንጨት በበጋ በወርዱ ይጠባል፤ በርዝመቱ እምብዛም ለውጥ የለውም። 60 ሳንቲም ወርድ ከ15 ወደ 10 በመቶ እርጥበት ሲወርድ እስከ 6 ሚሊሜትር ሊጠብ ይችላል። ቱቦላሬው ግን ካለበት ንቅንቅ ስለማይል፣ በቪቴ የታሰረው እንጨት መጥበብ ሲያቅተው ይከፈታል። ጫፉ ቀድሞ ስለሚደርቅ መሰንጠቁም ከዚያ ይጀምራል። ባሕር ዛፍ ደግሞ ከዋንዛ ይልቅ በጣም ስለሚጠብ ሁለቱን አንድ ገጽ ላይ አያጋቡ።

የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ከሌለዎት ከቁራጩ መሐል 2 ሳንቲም ቆርጠው በኩሽና ሚዛን ይመዝኑ። ከ100 እስከ 105 ዲግሪ በሚሞቅ የዳቦ መጋገሪያ ውስጥ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ያድርቁት። 62 ግራም የነበረው 54 ከሆነ፣ የጎደለው 8 ለ54 ሲካፈል 15 በመቶ ገደማ ይመጣል። እስከ 12 ካልወረደ አያጣብቁ። ከተለያየ ጊዜ የተረፈ ቁርጥራጭ ከሆነ ከሁለት ሦስቱ ይለኩ፤ ልዩነታቸው ከ2 በመቶ አይብለጥ።

ጎድጓዳው መስመር የችኮላ ነው። የኮላው ውኃ መጋጠሚያውን ያሳብጠዋል፤ እንዳበጠ ከላጉት ሲደርቅ ከጎረቤቱ ዝቅ ይላል። ከሞርሳ (ከማጥበቂያው) ከወጣ በኋላ 24 ሰዓት፣ በክረምት ሁለት ሦስት ቀን ይታገሱ።

ወርዳቸው 4፣ ውፍረታቸው 3 ሳንቲም የሆኑ 15 የቁራጭ ረድፎች ለዚህ ጠረጴዛ ይበቃሉ፤ ኮላውም 100 ግራም ገደማ ነው። ሞርሳውን በየ20 ሳንቲሙ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች ያፈራርቁ። ኮላው በመጋጠሚያው ሙሉ ርዝመት በትናንሽ ጠብታ ካልወጣ አንሷል። አጫጭር ቁራጮችን አናት ለአናት ሲያገናኙ ያ መጋጠሚያ ራሱ ጉልበት የለውም፤ የሚይዘው ጎረቤቱ ስለሆነ እንደ ጡብ 15 ሳንቲም ያህል ያዛንፏቸው። ከ20 ሳንቲም ያነሰውን ለዚህ ሥራ አይልፉበት።

የተበላሸውን በኮላ በተለወሰ ሰጋቱራ ለመሙላት አይሞክሩ፤ ክረምት ሲመጣ እንጨቱ አብጦ ሙሊቱን ይገፋዋል፣ ቫርኒሹም እዚያ ላይ ቀለሙ ይለያል። በተከፈተው መጋጠሚያ ላይ ሰንጥቀው ሁለት ሳምንት ቤት ውስጥ ያሳድሩት፣ ከዚያ ልገው እንደገና ያጣብቁ። ቱቦላሬው ላይ የመሐሉን ቀዳዳ ክብ ይተዉት፤ የጎኖቹን ለ5 ሚሊሜትር ቪቴ በወርዱ አቅጣጫ 12 ሚሊሜትር አርዝመው ከሮንዴላ (ከቪቴው ራስ ሥር ከሚገባ የብረት ቀለበት) ጋር ይሰሩ፤ ቪቴውንም አጥብቀው አያንቁት።

የሚተርፈውን ሰጋቱራ ለዶሮ ቤት የሚሰጡ ከሆነ የቺፑድና የኤምዲኤፍ (በሙጫ የተጋገሩ የፋብሪካ ጣውላዎች) ብናኝ እንዳይቀላቀልበት ለብቻው ይጥረጉት፤ በዚያ ብናኝ ውስጥ የፎርማልዴሃይድ ሙጫ አለበት። ብናኙ ለምድጃም አይሆንም።